ማውሱን የነካው የለም

ሐይቅ ሲባል ሰው የሚያስበው ታችኛውን ነው፤ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበትን። አርዲቦ ከእሱ ከፍ ብሎ በኮረብቶች መካከል የተቀመጠ ሌላ ሐይቅ ነው፤ ሞልቶ የሚተርፈው ውኃ በወንዝ ወርዶ ታችኛው ውስጥ ይገባል። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐይቅ ከተማ የሚገባ እንግዳ ገዳሙን ተሳልሞ፣ ዓሣ ጥብሱን በልቶ ይመለሳል እንጂ ወደ ላይ የሚወጣው ጥቂት ነው። እኔ አርዲቦን እወዳለሁ። ለዚህም ነው ከዚያ በኩል ስልክ ሲደወልልኝ ሥራ በዝቶብኛል የማልለው።

ሐይቅ ከተማ ውስጥ አንዲት ጽሕፈት ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ውል አትማለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። በዚያ ላይ ኮምፒውተር የተበላሸበት ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ጳጉሜ 3 ቀን፣ ከተማው ለዓመት በዓሉ ሽር ጉድ ሲል፣ አርዲቦ ዳር ያለ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ደወሉልኝ። ሐጂ ሰላምታ ማሳጠር አያውቁም፤ ቤቱን፣ ልጆቹን፣ ዝናቡን፣ ጤናውን ሳይጠይቁ ወደ ጉዳይ አይገቡም። ያን ቀን ግን አሳጠሩት።

«ልጄ፣ ኮምፒውተሩን ምን እንደነካው እንጃ» አሉኝ። «ማውሱን የነካው የለም። ራሱ ይሄዳል፣ ራሱ ይከፍታል፣ ራሱ ይጽፋል፣ ከዚያ ድርግም ይላል። ልጅቷ ደንግጣ ክፍሉን ጥላ ወጥታለች።»

ልጅቷ ያሏት የማኅበሩን ጸሐፊ ነው፤ የራሳቸው ልጅ ናት።

ነገሩ ቀላል ቢሆን እስከ መስከረም ይቆይ ነበር። ማኅበሩ በ1990ዎቹ ሲቋቋም የመሥራች አባላቱ ስም ከነዕጣቸው ደሴ ላይ በኮምፒውተር ተጽፎ ነበር። ወረቀቱን ምስጥ በላው። የቀረው መጀመሪያ በፍሎፒ ዲስክ የነበረው፣ በኋላ ወደ ፍላሽ የተገለበጠው ፋይል ብቻ ነው። በዚያ ክረምት ከመሥራቾቹ አንዱ ሞቱ፤ ባለቤታቸውም የሟችን ዕጣ ወደ ስማቸው ለማዛወር ጠየቁ። ማንም አልካዳቸውም፤ ሰውየው በጀልባ ሲወጡና ሲገቡ ያላየ የለም። ደንቡ ግን የሚተላለፈው በመሥራቾች ዝርዝር ላይ ስሙ የሰፈረ አባል ዕጣ ነው ይላል። ጉባኤው ደግሞ ጳጉሜ 5 ነው። ዝርዝሩ ሲከፈት አይነበብም፤ ስም መኖር ባለበት ቦታ የላቲን ፊደል፣ ቃለ አጋኖ፣ የጃፓን ገንዘብ ምልክት ተደበላልቆ ይወጣል።

ይህን የሚፈታ ስክሪፕት ነበራቸው። ስክሪፕት ማለት ሰው በማውስና በኪቦርድ የሚሠራውን ሥራ ተራ በተራ ጽፎ ለኮምፒውተሩ የሚያስረክብ ትእዛዝ ነው፦ ይህን ክፈት፣ ይህን ተጫን፣ ይህን ጻፍ፣ ዝጋ፣ ቀጥል። የሐጂ የልጅ ልጅ ዩኒቨርሲቲ እያለ ነው የጻፈላቸው። አውቶሆትኪ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው፤ ክሪስ ማሌት የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው፣ ዛሬም በመላው ዓለም ጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ የሚውል ሰው የሚጠቀምበት። ልጁ የሰጣቸው ጥሩ ነገር ነበር፤ በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ የማኅበሩን የስብሰባ ቃለ ጉባኤዎች አንድ በአንድ ወደሚነበብ ጽሑፍ እየለወጠ ይሠራ ነበር። ዝርዝሩ ላይ ሳይደርስ ልጁ አረብ አገር ሄደ። ከዚያ መብራት ሄዶ ሲመለስ የአሮጌው ኮምፒውተር ማዘርቦርድ ተቃጠለ። አዲስ ገዙ፤ ስክሪፕቱን ከፍላሽ ገለበጡበት፤ ሲያስነሡት አበደ። ለልጁ ደወልን፤ ስልኩ አይነሣም።

ባጃጁ እስከሚደርስበት ሄጄ ቀሪውን በእግር ወጣሁ። ክረምቱ ገና አልለቀቀም፤ ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። የማኅበሩ ክፍል አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ ጥግ ላይ የተከመረ መረብና መሐሉ ላይ ያ አዲስ ኮምፒውተር ነው። ሐጂ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። የሟች ባለቤትም ነጠላቸውን ተከናንበው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። «አብሽር ልጄ፣ አላህ ያግራልሃል» አሉኝ ሐጂ፤ እኔ ግን ከማንም በፊት መጽናናት የሚገባቸው እኚያ እናት መሆናቸውን አየሁ።

መጀመሪያ ፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ሌላ ፍላሽ ገለበጥኩ። ሌላ ቅጂ የሌለው ሰነድ ላይ ሳይገለብጡ እጅ ማሳረፍ አይገባም፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም። ከዚያ ስክሪፕቱን አስነሣሁትና እጄን አንሥቼ አየሁ።

እውነትም ማውሷ ብቻዋን ተንቀሳቀሰች። አቃፊው ተከፈተ፣ የመጀመሪያው ፋይል ላይ ሁለት ጊዜ ተጫነ። ወርድ ሊከፈት ሲል፣ ያ ሰማያዊ ምልክቱ ገና መሐል ስክሪን ላይ እንደቆመ፣ አቃፊው ተዘጋ። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ይዘጋ እንደሆነ የሚጠይቀው ሳጥን ብልጭ አለ። ለማንበብ እንኳ ጊዜ አልሰጠም፤ ስክሪኑ ጠቆረ። ጸሐፊዋ «ይኸው! መብራት ሄደ ስንል አምፖሉ በርቷል» አለች።

ስክሪፕቱን በኖትፓድ ከፍቼ ሳነበው ነገሩ ተገለጠልኝ። ልጁ ፋይሉን ክፈት ካለ በኋላ ሦስት ሰከንድ ጠብቅ ብሏል። በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ ሦስት ሰከንድ ይበቃ ነበር። አዲሱ ላይ ግን ወርድ ገና መጫኑ ነው፤ ሲነሣ ስለ ፈቃድና ስለ አዲስ ገጽታ የሚያወራ የእንኳን ደህና መጣህ መስኮት ያስቀድማል። ሦስቱ ሰከንድ ሲያልቅ ወርድ የለም። ስክሪፕቱ ግን ወርድ መኖር አለመኖሩን አያይም፤ ማረሻው ከሞፈሩ ወልቆ በሬዎቹ ትልሙን ይዘው እንደሚነጉዱ ቀጥሎ የተጻፈለትን ይሄዳል። ሥራውን ጨርሶ መስኮት ዝጋ የሚለው ትእዛዝ ኦልትና ኤፍ 4 ነው። የሚዘጋ የወርድ መስኮት ሲያጣ አቃፊውን ዘጋ። በሁለተኛው ዙር አቃፊውም የለም፤ ያን ጊዜ ኦልትና ኤፍ 4 ዊንዶውስን ራሱን ይጠራል፤ ዊንዶውስም ልዝጋ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ስክሪፕቱ ደግሞ ከእያንዳንዱ መዝጊያ ቀጥሎ ኢንተር ይጫናል፤ ለውጡን አስቀምጥ ለማለት የተጻፈ ኢንተር ነበር፤ እዚህ ሲደርስ እሺ ዝጋ ሆነ። የጠፋው እንዲህ ነው። ጂን አልነበረም፣ ቫይረስም አልነበረም።

ለሐጂ ይህን ሳስረዳቸው በጥሞና አዳመጡኝ። «ታዲያ ወርድ መምጣቱን አይቶ እንዲሄድ አይነገረውም?» አሉ። ይነገረዋል፤ መፍትሔውም ልክ እሱ ነው። ሦስት ሰከንድ ጠብቅ የሚለውን አጥፍቼ ይህ ስም ያለው መስኮት እስኪመጣ ጠብቅ፤ ካልመጣ ቁም የሚል ጻፍኩ። ኢስኬፕን ስጫን ሁሉም ነገር ወዲያው እንዲቆምም አደረግኩ። ይህ ሁለተኛው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ይህ መስመር የሌለው፣ በራሱ ኪቦርድ የሚጫን ስክሪፕት በሰው ኮምፒውተር ላይ ባይነሣ ደስ ይለኛል። ሌላም ጨመርኩ፦ እያንዳንዱ እርምጃ ላይ ስክሪፕቱ የደረሰበትን በአንዲት የጽሑፍ ፋይል ላይ እንዲመዘግብ። «ፋይሉን ከፈትኩ፤ መተኪያውን ጠራሁ፤ አስቀመጥኩ» እያለ። ከዚያ በኋላ የቆመበትን መገመት ቀረ፤ የመጨረሻውን መስመር ማንበብ ብቻ ሆነ።

እንደገና አስነሣነው። አሁን መስኮቱን ጠበቀ፤ ጠበቀ፤ ሊመጣለት አልቻለም። ወርድ ተከፍቶ ፊታችን ነው፤ አላየሁም ብሎ ቆመ። መዝገቡ ሲታይ የሚፈልገው የመስኮት ስም የተዘበራረቀ ምልክት ነው። ምክንያቱን የማውቀው ከራሴ ጽሕፈት ቤት ነበር፤ ልጁ የተጠቀመበት የቀድሞው የአውቶሆትኪ እትም ፊደላችን ያለበትን ስክሪፕት በትክክል የሚያነበው ፋይሉ በዩቲኤፍ 8፣ ያውም መለያ ምልክቱ ራሱ ላይ ሰፍሮ ከተቀመጠ ነው። ያ ምልክት ሲገለበጥና ሲታረም በመሐል ወልቋል። ዓይን አያየውም፤ ኖትፓድ ውስጥ ፊደሉ ደህና ይነበባል። እንደገና አስቀምጥ ብዬ ከዝርዝሩ ውስጥ ያን መርጬ ሳስቀምጠው አየ።

ቀጥሎ ያስቸገረን የጸሐፊዋ ኪማን ነው። እሷ አማርኛ የምትጽፈው በኪማን ነው፤ ላቲኑን እንደ ድምፁ ትነካለች፣ እሱ ፊደል ያደርግላታል። ስክሪፕቱ የፋይሉን ስም በላቲን ሊጽፍ ሲነሣ ኪማን ሰው የጻፈ መስሎት እየተቀበለ ወደ ፊደል ለወጠው። «ዶክ» መሆን የነበረበት የስሙ ማብቂያ «ዶች» ሆኖ ወጣ። ልጅቷ ስታየው ፊቷ ፈካ፤ ቢያንስ የገባት ስሕተት አገኘች። ኪማንን ማጥፋት ይቻላል፤ ግን ነገ ረስታ ብታበራው ያው ነው። ስለዚህ ስክሪፕቱ ስሙን በፊደል በፊደል ከመጫን ይልቅ ክሊፕቦርድ ላይ አኑሮ ባንዴ እንዲለጥፈው አደረግነው። የሚለጠፍ ነገር በኪማን በኩል አያልፍም።

እዚህ ላይ ሌሎች ወንበራቸውን ስበው ተጠግተው ነበር። መረብ ሲጠግኑ የነበሩ ሁለት ጎረምሶች፣ ከጉባኤው በፊት ሒሳብ ሊያዩ የመጡ የማኅበሩ አባል የሆኑ ቄስ፣ እኚያ እናት። ቡና ተቆላ። ሐጂ «ለመሆኑ ይህ ጽሑፍ ድሮ ይነበብ አልነበረም? ፊደሉን ምን አጠፋው?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ከስክሪፕቱ ይበልጣል፤ ቡናው እስኪፈላ መለስኩላቸው።

ያኔ ኮምፒውተር ፊደላችንን አያውቀውም ነበር። ለአንድ ፎንት ያለው ቦታ 256 ነው፤ የእኛ ሆሄ ከነዝርዝሩ፣ ከነዲቃላው፣ ከነቁጥሩ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ ቪዥዋል ግዕዝንና ፓወር ግዕዝን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች የሠሩ ሰዎች ብልኃት ፈጠሩ፦ በላቲኑ ቦታ ላይ የእኛን ሆሄ ሥዕል አስቀመጡ። ኮምፒውተሩ የላቲን ቢ የጻፈ ይመስለዋል፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን በ ነው። አንዳንዱ ሆሄ አንድ ቦታ ስለማይበቃው በሁለት ምልክት ተጣምሮ ይሠራል። እነዚያን ሰዎች አመሰግናቸዋለሁ፤ በእነሱ ምክንያት ነው መሥሪያ ቤቱም ጋዜጣውም በአማርኛ የጻፈው። ዕዳው የመጣው በኋላ ነው። ፎንቱ ከሌለ የሚቀረው የላቲኑ ምልክት ብቻ ነው። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ቦታ ሰጠ፤ ከዚያ በኋላ በ የትም ቢሄድ በ ነው። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ባቀረበው ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት አብሮ ሰጠ። ከዚያ በፊት የተጻፈው ግን ባለበት ቀረ፤ ስንት ደንብ፣ ስንት የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ስንት የዕድር መዝገብ እንዲህ ታስሮ እንደተቀመጠ ሳስብ እንቅልፍ ይነሣኛል።

ቄሱ ይህን ሲሰሙ ወደ ታችኛው ሐይቅ አቅጣጫ ጠቆሙ። «ወንጌሉስ?» አሉ። ልክ ናቸው። እስጢፋኖስ ገዳም ያለው የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ አራቱ ወንጌል በ1273 ዓ.ም. የተጻፈ ነው። በ1960ዎቹ በማይክሮፊልም ሲነሣ የኢትዮጵያ ብራና ጽሑፎች ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት ቁጥር 1832 ብሎ መዘገበው። ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ዛሬ ገልጦ ያነበዋል። የአርዲቦ አስጋሪዎች የመሥራቾች ዝርዝር ግን ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ከነኮምፒውተሩ ዲዳ ሆነ። ይህ የሚያናድደኝን ያህል የሚያናድደኝ ጥቂት ነገር አለ፤ ቦታውም እዚያው፣ ውኃውም የዚያው፣ ሕዝቡም የዚያው ሕዝብ ልጅ ነው።

ቡናው ወረደ፤ ስክሪፕቱም ሄደ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ፋይል ሳይቆም አለፈ። ጎረምሶቹ አጨበጨቡ። እኔ ግን የሚያስፈራው ገና እንደሚመጣ አውቅ ነበር። የሚቆም ስክሪፕት ያስቸግራል እንጂ አይጎዳም፤ የቆመበት ይታያል። የሚጎዳው ሳይቆም እየተሳሳተ የሚጨርሰው ነው።

የተለወጠውን የመጀመሪያ ገጽ ከፍተን ልጅቷ ታነብ ጀመር። «የማሀበረ አባላተ ሰመ ዘረዘረ...» አለችና አቆመች። አማርኛ ይመስላል፤ አማርኛ ግን አይደለም። ሳድሱ ሁሉ ግዕዝ ሆኗል። «የማህበር አባላት ስም ዝርዝር» መሆን ነበረበት። ቄሱ ጆሯቸውን አዘንብለው «ይህስ ግዕዝ ልናገር ብሎ የጀመረ ይመስላል» አሉ፤ ወዲያውም ፊታቸው ጠቆረ፤ ምክንያቱም ስሞቹም እንዲሁ ሆነዋል። መሐመድ መሐመደ ሆኗል፤ አንዱ ስም ከሌላው የሚለየው በአንድ ሳድስ ብቻ ከሆነ ሁለት ሰው አንድ ሆኖ ይወጣል ማለት ነው። የዕጣ ዝርዝር ላይ!

ጊዜ የወሰደብን ይህ ነው። ስክሪፕቱ በወርድ እየፈለገ የላቲኑን ምልክት በፊደላችን የሚተካበት ሠንጠረዥ ትክክል ነበር፤ ልጁ ትንሿን ቢ በ፣ ትልቋን ቢ ብ፣ ትንሿን አር ረ፣ ትልቋን አር ር ብሎ ሁሉንም አንድ በአንድ በጥንቃቄ አስፍሯል። ሁለት ምልክት የሚጣመርባቸውንም ከነጠላዎቹ አስቀድሞ አስቀምጧል፤ ያ ተራ ቢገለበጥ ቢ የሚለው ሆሄ በ ከነባዶ ቃለ አጋኖው ሆኖ ይቀር ነበር። ልጁ አዋቂ ነው። እያንዳንዷን መተኪያ በእጄ ብሞክራት ግን ያው ሳድሱ ይጠፋል። የወርድን የመፈለጊያ ሳጥን ዘርግቼ ተጨማሪ ምርጫዎቹን ስከፍት አየሁት፦ ትልቅና ትንሽ ፊደል ለይ ከሚለው ፊት ምልክት የለም። ወርድ በራሱ ፈቃድ ትልቅና ትንሽን አይለይም። ስለዚህ ትንሿን ቢ ፈልገህ በ አድርግ ሲባል ትልቋንም ይዞ በ ያደርጋታል፤ ወደ ብ ሲደርስ የሚለወጥ ትልቅ ቢ አልቆ ያገኘዋል። በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ ልጁ ሥራ ሊጀምር ሲል ያችን ምልክት በእጁ እያደረገ ኖሯል፤ ስክሪፕቱ ውስጥ ስላልሰፈረች ከእሱ ጋር አረብ አገር ሄደች።

ላቲን የሚጽፍ ሰው ይህን ምርጫ አስቦትም አያውቅም፤ ለእሱ ትልቁም ትንሹም ያው ድምፅ ነው። ለእኛ ግን በዚያ ዘመን ፋይል ውስጥ የግዕዝና የሳድስ ልዩነት፣ የሰው ስም ከነክብሩ የተንጠለጠለው በዚያች ሳጥን ላይ ነው። ከዚህ በኋላ መስኮት ከመነካካት ወጣሁ። አውቶሆትኪ ኮም በሚባለው መንገድ ከወርድ ጋር በቀጥታ መነጋገር ይችላል፤ የቱ ይፈለግ፣ በምን ይተካ፣ ትልቅና ትንሽ ይለይ ወይስ አይለይ፣ ሁሉም በስክሪፕቱ ውስጥ በግልጽ ይጻፋል። ማውስም አይንቀሳቀስም፣ ሳጥንም አይከፈትም። ጎረምሶቹ የሚታይ ነገር ስላጡ ወደ መረባቸው ተመለሱ።

ጨለማው ሳይደርስ የመጨረሻው ችግር ተነሣ። ስክሪፕቱ የሚለውጠውን ፋይል በኢትዮጵያ ቀን ይሰይማል፤ ዊንዶውስ የራሳችንን ዘመን አቆጣጠር ስለማይሰጥ ልጁ ቀኑን ከፈረንጁ የሚያሰላ አንድ ቁራጭ ከሌላ ቦታ ወስዶ ጨምሮበታል። ያ ቁራጭ የወር ስም የያዘው ከመስከረም እስከ ነሐሴ ነው፤ 12። እኛ ያለነው ጳጉሜ ላይ ነው! 13ኛውን ሲፈልግ ባዶ ያገኛል፤ የቀድሞው አውቶሆትኪ ደግሞ ባዶ ሲያገኝ አይጮኽም፣ ባዶውን ይዞ ይቀጥላል። የፋይሉ ስም ወር አልባ ይሆናል፤ ቁጥሩም የሚያያዘው ከወሩ ጋር ስለነበር ሁሉም ፋይል አንድ ስም ይዞ አንዱ በሌላው ላይ ይጻፋል። ከስድስት ሰነድ የተረፈው የመጨረሻው ብቻ ሆኖ አገኘነው። ዋናዎቹ በሁለቱም ፍላሽ ላይ ስላሉ አልደነገጥንም።

ጳጉሜን መጨመር ቀላል ነበር። ጳጉሜ መቼ 6 እንደምትሆን ለማስገባት ግን ማስላት ያስፈልጋል፤ መስከረም 1 በእኛ ዘመን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ ጳጉሜ 6 የሆነች እንደሆነ 12። ልቆጥር ጣቴን ሳነሣ ቄሱ ቀደሙኝ። «5500 ጨምርና ለአራት ግደፈው። አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ያለ ትራፊ ዮሐንስ። ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው ሉቃስ ሲያልቅ ነው» አሉ። 2015ን ሞከርነው፤ 7515 ሆነ፣ ለ4 ሲካፈል 3 ቀረ፤ ሉቃስ። 2016 የገባው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበርና ልክ መጣ። የባሕረ ሐሳቡን ስሌት ቄሱ እንደነገሩኝ በአንድ መስመር አሰፈርኩት። ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ካሳለፍኩት ጊዜ ሁሉ የዚያችን መስመር ያህል የወደድኩት የለም።

ዝርዝሩን ያነበብነው በነጋታው ነው። ከአንድ ሉክ ወረቀት ላይ ልጅቷ ስሞቹን ጮክ ብላ ትጠራለች፤ ሐጂ እያንዳንዱን «አዎ»፣ «አዎ፣ አላህ ይማረው» እያሉ ያረጋግጣሉ። ስክሪፕት ትክክል ሠራ የሚባለው ስላልቆመ አይደለም፤ ሰዎቹን የሚያውቅ ሰው ሰምቶ አዎ ሲል ነው። ሠላሳ ምናምን ሺሕ መስመር ያለው መዝገብ ቢሆን ሁሉን ማንበብ አይቻልም፤ ያኔ ከዚህም ከዚያም እየመዘዙ ማመሳከር ይገባል። እኛ ሁሉን አነበብን።

የሟቹ ስም መሐል ላይ መጣ። እናትየው ከአግዳሚው ተነሡ። «የራሱ ስም ደህና ነው» አሉ ቀስ ብለው፣ «የአባቱ ግን እንዲህ አይደለም፤ አንድ ሆሄ ጎድሏል።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ማሽኑ ይሆን ወይስ ያኔ ደሴ ላይ የጻፈው ሰው? ይህን ሳያጣሩ ማረም አይገባም። የድሮውን ፎንት ጫንኩና ያልተነካውን ፋይል ከፈትኩ፤ ፊደሉ እንደ ዱሮው ሆኖ ታየ። ሆሄዋ እዚያም የለችም። ስክሪፕቱ የተሰጠውን አልቀነሰም፣ አልጨመረም፤ ጉድለቱ ከመጀመሪያው የነበረ ነው። ጸሐፊዋ በእጇ ልታርማት ስትል ሐጂ ከለከሏት። እኔም አብሬያቸው ነበርኩ፤ መሥራቾቹ የፈረሙበት ዝርዝር እንደተጻፈ መቆየት አለበት።

ጳጉሜ 5 ቀን ጉባኤው ሲሰበሰብ ዝርዝሩ እንዳለ ታተመ። ከሥሩ የተለየ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፤ የአባት ስም በምን ምክንያት እንዴት እንደተስተካከለ፣ ማን እንደመሰከረ፣ ዕጣውም ወደ ባለቤትየው እንደተላለፈ። ሐጂ ፈረሙ፣ ቄሱ ፈረሙ፣ እናትየው አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። አንዱ ቅጂ በማኅበሩ ሣጥን፣ አንዱ በፍላሽ፣ አንዱ እኔ ጋ ነው። የቀሩት የቁጠባ መዝገቦቹ ናቸው፤ እነሱ የተጻፉት በሌላ ፕሮግራም ስለሆነ ሆሄ ሁሉ ሌላ ቦታ ላይ ነው፣ ሌላ ሠንጠረዥም ይፈልጋል። ልጁ አረብ አገር ሆኖ ስልኩን አነሣ፤ ሠንጠረዡን ከዚያ ሆኖ ሊሠራልን ተስማማን፤ ሥራውንም ለመስከረም አጋማሽ ቀጥረናል።